አንዷ ባቄላ እንዴት በዛች?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ አንድ ስሌት አላስተኛ ብሎኛል።

ፒንጌላፕ የምትባለውን የማይክሮኔዥያ ደሴት በ1775 አካባቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከባድ አውሎ ነፋስ መታትና 20 ያህል ሰው ብቻ ተረፈ። ዛሬ ከተወላጆቿ 5 በመቶ ያህሉ ቀለም ጨርሶ አይለዩም፤ የቀን ብርሃንም ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። እያንዳንዳችን ከወላጆቻችን የምንወርሰው የዘር መመሪያ፣ ማለትም ጂን፣ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ፣ በሁለት ቅጂ ይገኛል፤ የሚታመመው ሁለቱም ቅጂ ጉድለት ያለበት ሰው ብቻ ነው። ጉድለቱን በአንድ ቅጂ ደብቆ፣ ራሱ ሳይታመም ያወረሰው ከአደጋው የተረፈው ንጉሥ እንደሆነ ይታመናል።

ሃያ ሰው 40 ቅጂ አለው፤ አንዱ 2.5 በመቶ ነው። በዘፈቀደ ቢጋቡ፣ 5 በመቶው እንዲታመም ጉድለት ያለበት ቅጂ ድርሻ 22 በመቶ ያህል መድረስ አለበት (0.22 × 0.22 ወደ 0.05 ይጠጋል)። ሰፌድ ላይ 39 ሽምብራ (ጤነኛ ቅጂዎች) እና አንድ ባቄላ (ጉድለት ያለበት ቅጂ) ቀላቅዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ትውልድ በትውልድ ሳወጣ ባቄላዋ ደጋግማ ጠፋችብኝ።

ተማሪዎቼ «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንጋባለን፤ እነርሱ ከማን ይቆጥራሉ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው! ነገር ግን የዘመድ ጋብቻ የተደበቀውን ጉድለት ያወጣል እንጂ የቅጂውን ድርሻ በራሱ አያሳድግም።

ታዲያ ያሳደገው የንጉሡ ልጆች ብዛት ነው ወይስ ዕድል? ሁለቱንስ በሽምብራዬ እንዴት ላሳያቸው? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል እገባለሁ።