ኮሮላዬ ሲሞቅ ይጠፋል፤ የቤንዚን ፓምፑ ይሆን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1997 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፣ ሞተሩ 5ኤ ነው። ጠዋት ቆንጆ ይነሳል። ከሰዓት መጨናነቅ ውስጥ ሲሞቅ ግን ጉልበት ያጣና ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ይነሳል። መካኒኩ ሳይፈትሽ "ፓምፕ ቀይር" አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ሳይለካ ፓምፕ አይገዛም! ሲሞቅ የሚያጠፋው ኮይሉም (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ሊሆን ይችላል። ልክ በጠፋበት ሰዓት ካንዴላው እሳት እንዳለው እይ። እሳት ካለ ወደ ቤንዚኑ ሂድ። በዚህ ሞዴል ቁልፍ መክፈት ብቻውን ፓምፑን አያሠራም፤ ሞተሩ መዞር አለበት። ስለዚህ ኮፈኑ ስር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ "ኤፍፒ" እና "ፕላስ ቢ" የሚሉትን በሽቦ አገናኝና ቁልፉን ክፈት። ከኋላ ወንበር ስር የፓምፑ ድምፅ ይሰማል። በሽቦው ሠርቶ በስታርት እምቢ ካለ ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍተውን ማብሪያ) ጠርጥር። በሽቦውም ዝም ካለ የፓምፑን ሶኬት በቴስተር ለካ። 12 ቮልት እየደረሰ፣ ኔጌቲቩም ደህና ሆኖ የማይሠራ ከሆነ ያኔ ፓምፑ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ቤንዚን ሁሌ ጌጁ ቀይ ሲነካ ነው የምቀዳው። ጉዳት አለው?

ሌላ መልስ፦
በጣም እንጂ! ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው። ከሩብ በታች አታውርደው። የተደፈነ የቤንዚን ፊልትሮም (ማጣሪያ) ፓምፑን ያለአቅሙ ያስጨንቀዋል። ፓምፕ የምትቀይር ከሆነ ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር፣ ሰልባትዮውንም (የቤንዚን ታንከሩን) አሳጥብ። ዝገት ካለበት አዲሱንም ይበላዋል። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ አደራ።