የእድራችን ገንዘብ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና በምን ላይ ቢውል ይሻላል?

የእድር ጸሐፊ፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚገኝ የአንድ ሰፈር የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። እድራችን እስካሁን ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ነበር፤ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ግን ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂቱ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለአራሶችና ለጨቅላ ሕፃናት እንዲውል ተወሰነ። በውሳኔው ሁሉም ተስማምቶ ነበር፤ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል ወደሚለው ስንመጣ ግን ሐሳቡ ተከፋፈለ። ገሚሱ የሕፃን ልብስና ሳሙና ገዝተን እንስጥ ይላል፤ ገሚሱ በየወሩ ቡና አፍልተን ባለሙያ እንጋብዝና ትምህርት ይሰጠን ባይ ነው፤ ጥቂቶች ደግሞ ገንዘቡ ምጥ ለያዛት እናት መጓጓዣ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ። በሰፈራችን በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ፣ ከዘመድ ርቀው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የእድሩ አባል አይደሉም። አቅማችን ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም ማድረግ አንችልም። ልምድ ወይም ሙያ ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

የተከበሩ እህቴ፣ ከሦስቱ ሐሳቦች አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት እናቲቱና ሕፃኑ ይበልጥ የሚጎዱት መቼ እንደሆነ ማየት ይበጃል። የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው በ2000 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሰ። በዚያው በ2019 ዳሰሳ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ በባለሙያ የታዩት እናቶች ግን ከመቶ 34 ነበሩ፤ ተቋም ሄደው ከወለዱት መካከል እንኳ ብዙዎቹ ሳይታዩ ቀርተዋል ማለት ነው። አሃዞቹ አገር አቀፍ ናቸው፤ በከተማ በተቋም የሚወልዱት ከዚህ ይበዛሉ። እኔ በሥራዬ የማየው ክፍተት ግን ያው ነው፦ እስከ ወሊድ ድረስ ሁሉም ይረባረባል፣ አራሷ ቤቷ ከገባች በኋላ ግን ጤናዋን የሚከታተል የለም።

ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ከደም ግፊት ጋር የተያያዘው ሕመም ከወሊድ በኋላም ይመጣሉ። ሕፃናትንም ብናይ፣ በዓለም ላይ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት ጨቅላዎች ከአራቱ ሦስቱ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም በዚያ ሳምንት ላይ ብታውሉት እመርጣለሁ። አራስ መጠየቅና ገንፎ ይዞ መሄድ የቆየ ልማዳችን ስለሆነ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚጎድለው ጠያቂዎቹ ምን ማየት እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው። ከአባላቱ ጥቂት ሴቶች በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ አጭር ሥልጠና ወስደው አራሷ ቤት በገባችበት ቀን፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይጎብኟት። ከእናቲቱ በኩል የሚበረታ የደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ ከሕፃኑ በኩል ደግሞ መጥባት ማቆም፣ መጋል ወይም መቀዝቀዝ፣ ፈጣን አተነፋፈስና መንዘፍዘፍ ካዩ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። እንገር እንዳይደፋ፣ ለሕፃኑ ቅቤ እንዳይላስ መምከርም ከእነርሱ ይጠበቃል፤ ይህ ምክር ከነጭ ጋውን ለባሽ ይልቅ ከጎረቤት ሲመጣ እንደሚሰማ አይቻለሁ።

ልብስና ሳሙና መስጠት ደስ ያሰኛል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሦስቱ መጨረሻ የሚመጣው እርሱ ነው።

የእድር ሊቀመንበር፣ አዳማ

በእህታችን አዋላጅ ነርስ ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ መጓጓዣው ወደ ጎን መተዉ ግን አሳስቦኛል። ባለሙያዎቹ እናትን ስለሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች ያስተምራሉ፦ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ መወሰን ላይ፣ መንገድ ላይና ተቋሙ ውስጥ የሚደርሱ መዘግየቶች ናቸው። ሦስተኛውን እድር ሊፈታው አይችልም፤ ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት በነጻ ቢሆንም ሌሊት ለባጃጅ የሚከፈለው በነጻ አይደለም፤ አምቡላንስ በሌላ ጥሪ ላይ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

የእኛ እድር ያደረገው ቀላል ነው። በሰፈሩ ከሚያድሩ ሦስት የባጃጅ አሽከርካሪዎች ጋር በጽሑፍ ተስማማን፤ ስልካቸው በየነፍሰ ጡሯ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሒሳቡን እድሩ በማግስቱ ይከፍላል። ቤተሰቡ ገንዘብ ሲፈልግ የሚባክነው ጊዜ በዚህ ቀረ። ወጪውም ከፈራነው ያነሰ ሆነ፤ ምክንያቱም በአንድ ሰፈር ውስጥ በወር የሚወልዱት ጥቂት ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከባልየው ወይም ከአማት ፈቃድ የሚያስጠብቅ ደንብ እንዳታወጡ። እናቲቱ ራሷ ስትደውል በቂ ይሁን።

ስጦታውን በተመለከተ ግን ጥቂት ልከራከር። እጅን አጥፎ አራስ ቤት መግባት ለእኛ አገር ሰው ይከብዳል፤ ጎብኚዎቹ አንድ ሳሙና ቢይዙ መግቢያ ይሆናቸዋል።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

ከጠቀሳችኋቸው ሴቶች አንዷ ስለሆንኩ ልናገር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት፤ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድም የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ደመወዟ አይቆረጥም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ልትመደብ፣ ትርፍ ሰዓትም እንድትሠራ ልትደረግ አትችልም። ይህን የማያውቁ ብዙ ጓደኞች አሉኝ፤ ክትትል የሚያቋርጡትም ቀኑ የሚቆረጥባቸው መስሏቸው ነው። አንድ ሰው በግልጽ ቢያነብላቸው ብቻ ብዙ ነገር ይቀየራል።

ሌላው ጭንቅ የሚመጣው ፈቃዱ ሲያልቅ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይባላል፤ እኛ ግን በሦስተኛው ወር ሥራ እንገባለን። እናቶቻችን ሩቅ ናቸው፤ አብራን የምትኖረው ልጅም ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ከምንም በላይ የሚያስፈልገን ልጁን ለጥቂት ሰዓታት የምትይዝልንና የታለበውን ወተት በንጹሕ ስኒ የምታጠጣልን ሴት ናት። በየሰፈሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ እድሩ ለእነርሱ መጠነኛ ክፍያ ቢመድብ ለእነርሱም ገቢ ይሆናል።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ሐዋሳ

ከላይ የተባለውን ሳልደግም ስለ ቡናው ልጨምር። በወር አንድ ጊዜ መገናኘቱ ጠቃሚ ነው፤ ትምህርቱ ግን ረጅም ንግግር ከሆነ የሚቀጥለው ወር ላይ የሚመጣ አይኖርም። ነፍሰ ጡሮቹ እርስ በርስ ቢጠያየቁ፣ ባለሙያዋም የተሳሳተውን ብቻ ብታርም ይበልጥ ይጠቅማል። በነገራችን ላይ ቡናና ሻይ ከምግብና ከእንክብል የሚገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያደርጉ፣ አይረንና ፎሊክ አሲድ የሚወስዱ እናቶች ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቢያራርቁት መልካም ነው። የቡና ዝግጅት ላይ ይህን መናገር ትንሽ ያስቃል፣ ግን እናገረዋለሁ።

ሌላው የሚዘነጋው የአራሷ የመንፈስ ጤንነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች ከአምስት አንዷ ያህል የአእምሮ ጤና ችግር፣ በዋናነትም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማት ይገልጻል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለችው እናት «ሰነፍ» ወይም «ልጇን የማትወድ» ትባላለች። ጎብኚዎቹ ስለ ሕፃኑ ብቻ ጠይቀው እንዳይወጡ፤ እንቅልፍ አላት ወይ፣ ትበላለች ወይ፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለት ሳምንት ካለፈውና ካልተሻላት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይሂዱ። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ከተናገረች ግን አንድም ቀን አይጠብቁ፤ ብቻዋንም አይተዉአት።

የእድር ጸሐፊ፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሰማሁትን ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ እኔ በግሌ ወደ ጉብኝቱና ወደ ባጃጁ አዘንብያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ሳያገቡ ያረገዙ ልጆች አሉ፤ ቤታቸው ስንሄድ የሰፈሩ ወሬ እንዳንሆንባቸው እሰጋለሁ። አባል ያልሆኑትንስ በምን ደንብ እናስገባ?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

ስጋትዎ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለችዋ ልጅ ክትትል ዘግይታ የምትጀምረው ወሬውን ፈርታ ነው፤ ስለዚህ እናንተ ወደ እርሷ ከመሄዳችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ ፈቃደኛ ከሆነች ከጎብኚዎቹ መካከል የምታምናትን አንዷን ራሷ ትምረጥ። ስሟ በእድሩ መዝገብ አይጻፍ፤ ለሒሳብ ሥራ ቁጥር ብቻ ይበቃል፣ ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው ወረቀት ባለሙያዋ ዘንድ ይቀመጥ። ስለ አባልነት ግን መዋጮ መክፈልን ቅድመ ሁኔታ ባታደርጉት እመክራለሁ። ደንባችሁ «በሰፈሩ የምትኖር ነፍሰ ጡርና አራስ» ቢል ይበቃል፤ ጠቅላላ ጉባኤው ካልተስማማ ደግሞ ቢያንስ ባጃጁንና የመጀመሪያውን ሳምንት ጉብኝት ለሁሉም ክፍት አድርጉ፣ ሌላው ለአባላት ይሁን።