የኮንዶ ሪዘርቭ ሕግ ይላላ ወይስ እንዳለ ይቀጥል? (የሜሪላንድ ሰዎች ግቡበት)

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሜሪላንድ በ2022 ያወጣችውን ሕግ ታውቁታላችሁ። ኮንዶ ይሁን ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) የሚያስፈልገውን ጥገና በየ5 ዓመቱ በባለሙያ ያስጠናል፣ ለጣሪያው፣ ለኤሌቬተሩ፣ ለቧንቧው የሚሆን ገንዘብ፣ ማለትም ሪዘርቭ፣ ቀድሞ ያስቀምጣል። የኛ ሕንፃ ፊ (የወር መዋጮው) የናረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጡረታ ላይ ያሉ እናቶች ከየት ያምጡ? አናፖሊስ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ሄደን ይላላ እንበል።

ቦርድ የነበርኩ፦
ወንድሜ፣ ሕጉ ምን አደረገህ? ማኅበሩን የሚመሩት ቦርዶች ሰው እንዳይጮህባቸው ፊውን ለዓመታት ዝቅ አድርገው ይይዙና ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ስፔሻል አሰስመንት (ልዩ መዋጮ) ብለው በአንዴ ይጭኑብሃል። ሰርፍሳይድን ረሳኸው? ፍሎሪዳ፣ ጁን 2021፣ ባለ 12 ፎቅ ኮንዶ በሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው አለቀ። በ2018 ኢንጂነሩ በመዋኛው በኩል ያለው ኮንክሪት ክፉኛ ተጎድቷል ብሎ ጽፎላቸው ነበር እኮ! የ15 ሚሊዮን ዶላር ጥገና አዋጡ የተባሉት በሦስተኛው ዓመት ነው። እና ይላላ ትላለህ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ፍሎሪዳ ራሷ በ2022 አጥብቃ በ2025 አላላችው።

ቦርድ የነበርኩ፦
ጥናቱን ግን አላስቀረችም። በብድር መሸፈን ይቻላል፣ ለጊዜው ማዋጣቱንም ማቆም ይቻላል አለች፣ በቃ። እንደዚያ ከሆነ እኔም አብሬህ እፈርማለሁ።

ሰፈርተኛዋ፦
ቆይ፣ አናፖሊስ ላይ በኛ ስም የሚናገረው ማነው? ሲኤአይ የሚባለው ከ1973 ጀምሮ ያለ የኮንዶና የኤችኦኤ ማኅበራት ድርጅት በብዙ ስቴቶች ሕግ የሚከታተል ኮሚቴ አለው። አባላቱ ውስጥ የቤት ባለቤቶች አሉ፣ ማኔጅመንት ካምፓኒዎችና የማኅበራት ጠበቆችም አሉ። ስለ ሪዘርቭ የሚሉት እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የፊ ዕዳ ያለበት ሰው ቤት ፎርክሎዝ ይደረግ (በዕዳ ተወስዶ ይሸጥ) አይደረግ የሚል ሕግ ሲመጣ፣ ዕዳውን የሚያስከፍለው ጠበቃና ባለዕዳዋ እትዬ እንዴት ነው አንድ ወገን የሚሆኑት? እኔ ራሳችን እንናገር ባይ ነኝ።

ዝም ያልኩት፦
የትኞቹ ራሳችን? በኛ ሕንፃ ስብሰባ ኮረም (ምልዓተ ጉባኤ) ሞልቶ አያውቅም። አበሻው ፕሮክሲውን (የድምፅ ውክልናውን) ፈርሞ ለጎረቤት ይሰጥና ፊ ሲጨምር ቡና ላይ ቦርዱን ያማል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከቦርድ ጋር ስትጣላ የሚዳኝ ኮሚሽን እንዳለው ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የቦርድ አባላት ሥልጠና የመውሰድ ግዴታ እንዳለባቸውስ?

ሰፈርተኛዋ፦
ልክ ነህ፣ ግን ይሄ እንድንተወው ምክንያት አይሆንም። ምክር ቤቱ ጃንዋሪ ላይ ተከፍቶ 90 ቀን ነው የሚቀመጠው፣ ማንም ተመዝግቦ ምስክርነት መስጠት ይችላል። ጥናቱ ይቅር አንልም። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ሪዘርቩን ቀስ ብለው የሚሞሉበት ጊዜ ይሰጣቸው እንበል። የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ በዚህ ትስማማለህ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ጊዜው ስንት ዓመት እንደሆነ ጽፈሽ አሳዪኝና እፈርማለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉት የሚል ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም።