ለ1991 ሚያታ ስንት በስንት ቸርኬና ጎማ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ቀዩዋ ሚያታ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለፈው ወር በፈረንጆች የ1991 ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ። ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው። ቸርኬዎቿ ከፋብሪካ የወጣችባቸው ናቸው፤ 14 ኢንች፣ ስፋታቸው 5.5። ጎማዎቹ 185/60 አር 14 ናቸው። ጥርስ አላቸው፣ ግን ጎናቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጎናቸው ላይ ያለው የምርት ቁጥር መጨረሻው 3612 ይላል።

አንድ ልጅ 16 በ8 ቸርኬ ከነጎማው በ350 ዶላር ልስጥህ አለኝ። ጎማው 225/50 አር 16 ነው። ከቸርኬው ጀርባ «ኢቲ 20» የሚል ተቀርጿል። ባለ አራት ቡሎን ስለሆነ «ልክክ ይላል» ብሎኛል። አልዋሽም፣ ፎቶው ላይ በጣም ያምራል። መኪናዋን ሥራ እሄድባታለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸናንዶዋ ተራራ እወጣባታለሁ። ውድድር የለኝም። ልግዛው?

መልስ፦ ጎሚስታው

ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው ወንድሜ።

መጀመሪያ ስላሉት ጎማዎች። 3612 ማለት በፈረንጆች 2012 በ36ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርስ ስላለው አትታለል። ላስቲኩ ደርቋል፣ ዝናብ ላይ እንደ ሳሙና ነው የሚሆነው። የሰፊና የጠባብ ክርክሩ ይቆይና እነዚህን ጎማዎች ይዘህ ተራራ አትውጣ።

ሁለተኛ፣ «ባለ አራት ቡሎን» ብቻውን ምንም አይነግርህም። የሚያታ ቡሎኖች የቆሙበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። 114.3 የሆነ ባለ አራት ቡሎን ቸርኬም ሞልቷል። በዓይን ስታየው አንድ ይመስላል፣ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናዋ ክፍል) ላይ ስታስጠጋው ነው የሚያሳፍርህ።

መልስ፦ ካልኩሌተር

እኔ በቁጥር ላስረዳህ። የአሁኑ ጎማህ ከጫፍ ጫፍ 578 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። 185 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የዚያ 60 በመቶ፣ 111 ነው። ያ ከላይም ከታችም ስላለ 222፤ የቸርኬው 14 ኢንች ደግሞ 356 ገደማ። ደምረው።

የልጁ 225/50 አር 16 በዚሁ ሂሳብ 631 ይመጣል። ከ9 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። የፍጥነት ቆጣሪህ 60 ማይል እያለ አንተ 65 ተኩል ትሄዳለህ። ፖሊስ ደግሞ የሚያየው የራሱን እንጂ የአንተን ቆጣሪ አይደለም። ከዚያ የባሰው ማርሽህ ሁሉ ይረዝማል፤ መኪናዋ ለመፍጠን ትሰንፋለች። 116 የፈረስ ጉልበት ነው ያለህ፤ እሱንም ታባክነዋለህ።

አሁን ኦፍሴቱ፣ ያ «ኢቲ» የሚለው ቁጥር፤ በሚሊ ሜትር ነው። የፋብሪካው ቸርኬ ኢቲ 45 ነው። ይህ ቁጥር ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ ይነግርሃል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። የልጁን 8 ኢንች ኢቲ 20 ብትገጥም የውጭው ከንፈር ከአሁኑ 57 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል። አራት ጣትህን አጣምረህ ፓራፋንጎው ላይ አስቀምጥና እየው። ጉድጓድ በገባህ ቁጥር የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን ይላጨዋል። መሪውም ይከብዳል፣ ኩሽኔታውም ዕድሜው ያጥራል።

የምትፈልገው 15 በ7፣ ኢቲ 35 አካባቢ፣ ጎማው 195/50 አር 15። ዲያሜትሩ 576 ነው። ከአሁኑ በ2 ሚሊ ብቻ ነው የሚለየው።

መልስ፦ ፍራንክፈርት

እኔም የዚያው ዘመን መኪና አለኝ፤ እዚህ ኤምኤክስ-5 ነው የምንለው። ጀርመን ብትሆን ኖሮ ጥያቄህ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ወረቀት አለው ወይ?» ነበር። ከመኪናው ሰነድ ውጭ የሆነ ቸርኬና ጎማ ከፈለግህ የፈቃድ ሰነድ ያስፈልግሃል፤ ብዙውን ጊዜ ቲዩፍ (የመኪና ምርመራ ድርጅት) ሄደህ አስመርምረህ ታስመዘግባለህ። እኔ 15 በ7 ከ195/50 ጋር አስመዝግቤያለሁ። መርማሪው አንዱን የፊት ጎማና በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማ ብሎክ ላይ አስወጥቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞረው። በእጁ ባትሪ እያበራ ክፍተቱን አየ። አንተም ግቢህ ውስጥ ይህንኑ አድርግ።

መልስ፦ የኮን እመቤት

ሁላችሁም በሰፊ ጎማ አስፈራራችሁት እኮ! እኔ ኦቶክሮስ እወዳደራለሁ። ፓርኪንግ ላይ ኮን ተደርድሮ በሰዓት የሚነዳው ማለቴ ነው። የኔ ሚያታ 15 በ8፣ ኢቲ 36፣ ጎማው 225/45 አር 15 ነው። ኩርባ ላይ እንደ ሙጫ ትይዛለች።

ግን እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ። ያንን ለማስገባት የኋላውን ፓራፋንጎ ጠርዝ ወደ ውስጥ አሳጥፌያለሁ፣ መኪናዋን ዝቅ አድርጌያለሁ፣ ጎማዎቹን ከላይ ወደ ውስጥ አዘንብያለሁ። ጎማው ቶሎ ያልቃል። ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይ ደግሞ አንድ ቶን ገደማ የሆነች መኪና ሰፊ ጎማ ይዛ ትንሳፈፋለች። አንድ ቀን ሀይዌይ ላይ መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምሄደው በ195 ነው፣ ሰፊውን ለውድድር ብቻ እገጥመዋለሁ።

ክብደቱንም አትርሳ። የፋብሪካው ቸርኬ ከ6 ኪሎ በታች ነው። የምትገዛውን የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ አውጣውና እይ።

መልስ፦ ቦሌ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ሚያታ የለኝም፣ ቪትዝ ነው ያለኝ። ግን የኔም 4 በ100 ነው (አራት ቡሎን፣ 100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ)፣ የመሃል ቀዳዳውም እንደናንተው 54.1 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ አንድ ቀን ቸርኬህን ብታበድረኝ ይገጥምልኛል ማለት ነው። ዳዶውን ግን ተጠንቀቁ። ጎረቤቴ የሆንዳ ቸርኬ በራሱ ዳዶ አሰረ። የሆንዳው የዳዶ ማረፊያ ክብ ነው፣ የሱ ዳዶ ሾጣጣ። እየላላ አስቸገረው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

ቀዩዋ ሚያታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የልጁን ተውኩት። ያገለገለ 15 በ7 ኢቲ 35 አግኝቼ አዲስ 195/50 አስገጠምኩ። ፓራፋንጎው ውስጥ ነጭ ቴፕ ለጥፌ፣ የኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት የጤፍ ከረጢት ጭኜ፣ ሰፈር ውስጥ ዞርኩ። ቴፑ ላይ ጭረት የለም።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። ከ60 ማይል ሲያልፍ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ሁለቴ አሠርቻለሁ። ደግሞ ትንሽ ጉብታ ላይ ሁሉ ትዘላለች።

መልስ፦ ጎሚስታው

የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ስንት ነው? 67.1 ወይም 73.1 ከሆነ ሞዞው ላይ ልል ነው። ከዚያ ቀዳዳ ወደ 54.1 የሚያጠብ ቀለበት ግዛ። ዳዶውን መኪናዋን በክሪክ አንስተህ በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቅ፤ መጨረሻውን መሬት ላይ ካወረድካት በኋላ ከ65 እስከ 87 ፉት-ፓውንድ ባለው ጨርስ። ትንሽ ከነዳህ በኋላ ድገመው።

ለዝላዩ ደግሞ የጎማውን ነፋስ ለካ። 35 ፒኤስአይ ሞልተውልህ ይሆናል። የፋብሪካው ልክ 26 ነው።

ቀዩዋ ሚያታ

73.1 ነበር! ቀለበቱን አስገባሁ፣ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ነፋሱም 36 ነበር፣ ወደ 27 አወረድኩት። ሌላ መኪና ሆነች። የድሮዎቹን ቸርኬዎች ልሽጣቸው?

መልስ፦ ጎሚስታው

እንዳትሸጣቸው። አንድ ቀን ይህችን መኪና የሚገዛህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እነሱን ነው። አጥበህ ጋራዥ ደርድራቸው።