ክርክሩ በምእመኑ ሳይሆን በጳጳሱ ላይ የሚከርረው ስለ ምንድን ነው?

ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ያደረጉትን ክርክር ሳነብ ከርሜ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመነጨው ዓለም አቀፍ የአንግሊካን ኅብረት ጳጳሳት በ1998 በላምቤዝ ጉባኤያቸው በ526 ድጋፍ፣ በ70 ተቃውሞና በ45 ድምፀ ተአቅቦ ያሳለፉት ውሳኔ ድርጊቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይስማማም ይላል። እዚያው ላይ ግን የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች በእግዚአብሔር የተወደዱ፣ ተጠምቀው ያመኑ ከሆኑም የክርስቶስ አካል ሙሉ ብልቶች መሆናቸውን አረጋግጦ፣ የሕይወት ልምዳቸውን ለመስማት ቃል ይገባል። ስለ ምእመኑ ሲናገር አንደበቱ እንዲህ የለዘበ ኅብረት ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ጵጵስና ሲሾም ሊፈርስ ደረሰ። ኃጢአት ነው የሚል ለምእመኑም ለካህኑም ኃጢአት ነው ማለት ይኖርበታል፤ አይደለም የሚልም እንደዚያው። ታዲያ ጠቡ ሥልጣነ ክህነት ላይ ሲደርስ የሚብሰው ለምንድን ነው? የማን ወገን ትክክል እንደሆነ ሳይሆን የነገሩን አካሄድ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የኅዳግ ጽሑፍ፦
የጠቀሱት ውሳኔ በዚያ አያበቃም። የተመሳሳይ ፆታ ጥምረትን መባረክንም ሆነ በእንዲህ ዓይነት ጥምረት ለሚኖሩ ክህነት መስጠትን ልንመክር አንችልም የሚል አንቀጽ ስላለው፣ ምእመኑንና ካህኑን የለየው ገና ከመነሻው ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ኤጲስ ቆጶስ የማይነቀፍና የአንዲት ሚስት ባል ይሁን ብሎ ሲጽፍ፣ ጴጥሮስም ሽማግሌዎችን ለመንጋው ምሳሌ ሁኑ ሲል፣ የእረኛው ኑሮ ራሱ እንደ ትምህርት ይቆጠራል ማለታቸው ነው።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚከብደው ምክንያት የጵጵስና አሠራር ነው። የምእመን ጉዳይ በእርሱና በእረኛው መካከል ተይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ጳጳስ ግን ለአንድ ሀገረ ስብከት ብቻ አይሾምም። በጥንቱ ሥርዓት ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት እጃቸውን ይጭኑበታል፣ እርሱም በተራው በሌሎች ላይ ይጭናል፤ ክህነት የሰጣቸው ቄሶች ወደ ሌላ አገር ሲሻገሩ፣ ያ አገር ወይ ይቀበላቸዋል ወይ ይመልሳቸዋል። አይቶ እንዳላየ ማለፍ የማይቻለው እዚህ ላይ ነው።

በ2003 በእንግሊዝ የሆነውን ይመልከቱ። ጄፍሪ ጆን የሬዲንግ ጳጳስ እንዲሆን ተመረጠ፤ ከአንድ ወንድ ጋር የቆየ ትስስር ቢኖረውም በንጽሕና እንደሚኖር በግልጽ የተናገረ ሰው ነበር። ተቃውሞው ስለ በረታ ሹመቱን እንዲተው ተደረገ። በማግሥቱ ዓመት ግን የሴንት ኦልባንስ ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ፤ ተቃዋሚ ባይጠፋም እስከ 2021 ድረስ አገለገለ። ሰውየው ያው፣ ኑሮውም ያው፤ የተለወጠው መንበሩ ብቻ ነበር። የካቴድራል አስተዳዳሪ ለማንም ክህነት አይሰጥምና።

በዚያው በ2003 በኖቬምበር መጀመሪያ ከወንድ አጋሩ ጋር በግልጽ የሚኖረው ጂን ሮቢንሰን በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ጳጳስ ሆኖ ሲሾም ሥርዓቱ የተፈጸመው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ተሿሚው የግድያ ዛቻ ስለ ደረሰው ከልብሰ ጵጵስናው በታች ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወግ አጥባቂዎቹ በ2008 በኢየሩሳሌም የራሳቸውን ጉባኤ ጠሩ፤ ሮቢንሰንም በዚያው ዓመት ወደ ላምቤዝ ጉባኤ አልተጋበዘም። በ2009 በሰሜን አሜሪካ ሌላ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ።

መንገደኛ፦
የጵጵስናው ማብራሪያ ለአንግሊካን ይሠራል፤ ሁሉንም ግን አይፈታም። መሠረቷ በአሜሪካ የሆነው ፕሮቴስታንቷ ዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የተናጋችው በአንድ ሰው ሹመት ሳይሆን በሕግ መጽሐፏ ነው። በ1972 ድርጊቱ ከክርስትና ትምህርት ጋር አይስማማም የሚል ቃል ገባበት፤ በ1984 ደግሞ ይህን ኑሮ በግልጽ የሚኖር ሰው እንዳይሾም ታገደ። ሕጉ በተግባር የሚይዘው አገልጋዩን ነበር፤ ምእመኑ በኑሮው ምክንያት በቤተ ክርስቲያን ችሎት ፊት ሲቆም እምብዛም አይታይም፣ ቄሱ ግን መዝገብ አለው፣ ሊከሰስና መዓርጉን ሊያጣ ይችላል። ብራና ለጠየቁት ከዚህ የሚቀርብ መልስ ያለ አይመስለኝም።

በ2019 በሴንት ሉዊስ በተጠራው ልዩ ጉባኤ እገዳውን የሚያጠብቀው ዕቅድ በ438 ለ384 አለፈ። በ2024 በሻርሎት የተሰበሰበው ጉባኤ ያንኑ የሹመት እገዳ በ692 ለ51 ሰረዘው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ልቡን ለወጠ ይላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። በመካከሉ ከ7,600 በላይ የአሜሪካ አጥቢያዎች ወጥተዋል። የሜቶዲስት አጥቢያ ሕንጻውን የሚይዘው ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን በአደራ ስለሆነ ልውጣ ያለ ሁሉ ንብረቱን ይዞ መውጣት አይችልም ነበር፤ በ2019 የወጣ ጊዜያዊ አንቀጽ ግን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የወሰነ አጥቢያ የሚጠበቅበትን ከፍሎ ሕንጻውን ይዞ እንዲሄድ ፈቀደ፤ እስከ 2023 መጨረሻም ብዙዎች ተጠቀሙበት። ስለዚህ የሻርሎቱ ድምፅ የቀሩት ሰዎች ድምፅ ነው።

ብራና፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የጄፍሪ ጆንን ታሪክ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ተወለደብኝ። አውግስጢኖስ፣ ያልበቃ ካህን የሚፈጽመው ምሥጢር ዋጋ የለውም ይሉ ከነበሩት ከሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች ጋር ሲከራከር የካህኑ አለመብቃት ምሥጢሩን አያፈርሰውም ብሎ አስተምሯል፤ የአንግሊካን የእምነት መግለጫ ከሆኑት 39 አንቀጾች 26ኛውም ይህንኑ ይደግማል። እንዲህ ከሆነ በዚህ ክርክር ሰበብ ከአንድ ካህን እጅ ቁርባን አልቀበልም ማለት የዶናቲስቶችን ስሕተት መድገም አይሆንም?

የኅዳግ ጽሑፍ፦
ጥሩ ቦታ ላይ መጡ። የአውግስጢኖስ ትምህርት የሚናገረው ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ብላ የምታውቀውን ነገር ስለ ሠራ ካህን ነው፤ ወግ አጥባቂዎቹ እኛ የምንከስሰው የአንድን ካህን ድካም አይደለም፣ ነገሩ ኃጢአት አይደለም ብላ በድምፅ የወሰነችውን ቤተ ክርስቲያን ነው ይላሉ። በአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ2009 በ559 ለ451 ድምፅ፣ በተመሳሳይ ፆታ ጥምረት በታማኝነት የሚኖሩ ሰዎች መጋቢ እንዲሆኑ መንገድ ከፈተች፤ በዚያው ዓመት የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን መፈጸም ጀመረች፣ ለስቶክሆልምም ከሴት ጋር የምትኖር ሴት ጳጳስ መረጠች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2013 ከሁለቱም ጋር ያላትን ግንኙነት ስታቋርጥ ከእነርሱ አገልጋዮች እጅ ቅዱስ ቁርባን እንዳይወሰድ፣ ለእነርሱም እንዳይሰጥ ወስናለች። ሆኖም ክሱ በተቋሙ ላይ ነው ቢባል እንኳ የሚከለከለው የአንድ የተወሰነ ሰው እጅ ነውና፣ ጥያቄዎ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል አልልም።

መንገደኛ፦
አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አብዛኞቹ ካህናት ያለ ጋብቻ የሚኖሩባት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህ ክርክር የማይነካት ይመስላል፤ ድርጊትን ከዝንባሌ መለየት ለእርሷ ቀላል መሆን ነበረበትና። ይሁን እንጂ ቫቲካን በ2005 ያወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ ያለው ሰው ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት እንዳይገባ ይላል፤ ማለትም ምንም ያላደረገውንም ይመልሳል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በተቃራኒው በ2013 በሲቪል ጥምረት (ከጋብቻ ውጪ በአገሩ ሕግ በሚታወቅ የተመሳሳይ ፆታ አጋርነት) ያሉ ቄሶች በንጽሕና እስከ ኖሩ ድረስ ለጵጵስና ሊታጩ እንደሚችሉ ጳጳሳቷ አስታወቁ፤ በ2016ም የግራንትሃም ጳጳስ ወንድ አጋር እንዳለውና በንጽሕና እንደሚኖር በይፋ ሲናገር ከመንበሩ አልተነሣም። ከሬዲንግ እስከ ግራንትሃም ያለው ርቀት 13 ዓመት ብቻ ነው።