የሽንኩርት ህዋስ ውስጥ ክሎሮፕላስት ለምን አይታይም? አረንጓዴው ዋናተኛስ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

ጀማሪ_ባዮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ አንዱ የማይክሮስኮፕ ነው፣ ሌላው የምደባ።

አንደኛ፦ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በውሃ ጠብታ ስላይድ ላይ ተደርጎ በ400 እጥፍ ሲታይ እንደ ጡብ የተደረደረ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚወጣው። መጽሐፉ ላይ ያለው የተክል ህዋስ ሥዕል ግን ክሎሮፕላስቱም፣ ማይቶኮንድሪያውም፣ ራይቦዞሙም ሞልቶበታል። አዮዲን ሲጨመርበት በአንዳንዱ ህዋስ ላይ ቢጫ ክብ ነገር ይወጣል፣ አጠገቡ ያለው ላይ ግን የለም። የጉንጭ ህዋስ ደግሞ ጭራሽ አልታይ አለ። ጥፋቱ የማይክሮስኮፑ ነው?

ሁለተኛ፦ የኩሬ ውሃ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚዋኝ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ ያለው ነገር አለ። አረንጓዴነቱን ካየን ተክል፣ መዋኘቱን ካየን እንስሳ ሊባል ነው። አንዱ መጽሐፍ 5 ስፍን ይላል፣ ሌላው 3 ዶሜይን። የቱን እንያዝ?

ሌንስ_አርባ፦

ማይክሮስኮፑ ደህና ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል አንድም ቦታ የማይገኝ ህዋስ ነው፤ ከተለያየ ህዋስ የተለቀሙ ክፍሎች በአንድ ሳጥን ታጭቀው የተሳሉበት ነው።

ክሎሮፕላስት የሌለው ሽንኩርቱ ራሱ ስለሌለው ነው። የምንበላው ክፍል አፈር ውስጥ ያደገ፣ ብርሃን ያላገኘ፣ ምግብ የሚያከማች ቅጠል ነው። ብርሃን ከሌለ የብርሃን አስተፃምሮ መሣሪያ ምን ይሠራለታል? ክሎሮፕላስት ማየት ከፈለግህ ኤሎዲያ የሚባለውን የውሃ ተክል ቅጠል ወይም የሞስ ቅጠል አድርግ። ሁለቱም በጣም ስስ ስለሆኑ መቁረጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም፣ በውሃ ጠብታ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ክሎሮፕላስቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ ያለ ምንም ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤሎዲያው መብራቱ ሥር ጥቂት ሲሞቅ ክሎሮፕላስቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተሰልፈው ሲዞሩም ታያለህ፤ የሚነዳቸው የሳይቶፕላዝሙ ፍሰት ነው።

ማይቶኮንድሪያና ራይቦዞም ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሁለት ነጥብ ተለያይቶ እንዲታይ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ትንሹ ርቀት የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ለሌንሱ የኤንኤ ቁጥር (ሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን የሚያሳየው) እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የተለመደው ባለ 40 ሌንስ ጎኑ ላይ 0.65 የሚል ቁጥር አለው። አረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖሜትር ነው ብንል፣ 550 ለ1.3 ሲካፈል 423 ናኖሜትር ይሆናል፤ ማለትም 0.42 ማይክሮሜትር። የማይቶኮንድሪያ ውፍረት ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮሜትር ነው፤ እዚያው ድንበሩ ላይ ነው፣ በዚያ ላይ ቀለም የለውም። ጃነስ ግሪን ቢ የሚባለው ቀለም በጣም ቀጥኖ በሕይወት ያለ ህዋስ ላይ ሲደረግ ሰማያዊ አረንጓዴ ነጠብጣብ አድርጎ ያወጣዋል። ራይቦዞም ግን 25 ናኖሜትር አካባቢ ነውና በብርሃን ማይክሮስኮፕ አይሞከርም፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ነው። ባለ 10 የዓይን ሌንሱን አውልቀህ ባለ 20 ብታደርግ ብዥታውን ያተልቅልሃል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይህም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከወፍራሙ ንብርብር አንዱን ሰብረህ የጎደጎደውን ማለትም የውስጡን ጎን ፈልግ። እዚያ ላይ እንደ ላስቲክ ስስ የሆነ ልጣጭ አለ። በወረንጦ ጫፉን ይዘህ ሳብ፣ 5 ሚሊሜትር በ5 ሚሊሜትር ያህል ቁረጥና ውሃ ጠብታው ላይ ሳይታጠፍ ዘርጋው። ከታጠፈ ሁለት ረድፍ ህዋስ ተደራርቦ ይታይና ግድግዳው የማን እንደሆነ ይጠፋሃል። ከቨር ስሊፑን፣ ማለትም ከላይ የሚሸፍነውን ስስ መስታወት፣ በአንድ ጎኑ አስነክተህ በ45 ዲግሪ አዘንብለህ ቀስ ብለህ ልቀቀው፤ ቀጥ አድርገህ ከጣልከው አየር ይታፈናል። ዙሪያው በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበበ ክብ ነገር ካየህ የአየር አረፋ ነው፣ ህዋስ ብለህ እንዳትስለው። አዮዲኑን ከቨር ስሊፑ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አድርግ፣ በማዶ በኩል መጣጭ ወረቀት አስነካ፤ ወረቀቱ ውሃውን ሲስብ አዮዲኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቅ።

ከሁሉ በላይ ግን ዳያፍራሙን፣ ማለትም ከስላይዱ ሥር ያለውን የብርሃን መጠን ማስተካከያ፣ አትርሳ። ጀማሪ ብርሃን በበዛ ቁጥር ጥሩ ይመስለዋል። ቀለም የሌለው ህዋስ በሙሉ ብርሃን ውስጥ ይሟሟል፤ የጉንጭ ህዋስ የጠፋብህም በዚህ ይመስለኛል። በባለ 10 ሌንስ ዳያፍራሙን አጥብበው፣ ወደ ባለ 40 ስትሄድ ትንሽ ክፈተው። ከልክ በላይ ከጠበበም የሁሉም ነገር ጠርዝ ድርብ መስመር ያወጣል።

ለጉንጩ፦ በስቲኪኒ የደነዘዘ ጎን የጉንጭን ውስጥ በቀስታ ፋቅ፣ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ጠብታ ላይ አዙር። በባዶ ውሃ ከተሠራ ህዋሱ ውሃ እየሳበ ቅርጹን ያጣል። ከዚያ 0.1 በመቶ ሜቲሊን ብሉ፣ ማለትም 0.1 ግራም በ100 ሚሊሊትር፣ አንድ ጠብታ። 1 በመቶ ካደረግህ ሁሉም ነገር ጠቁሮ ኑክለሱ አይለይም። መጀመሪያ በባለ 10 ሌንስ ፈልግ፤ 50 ወይም 60 ማይክሮሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ያለው ነው። ህዋሱ ላይ የተበተኑት ደቃቅ ሰማያዊ ነጥቦች የአፍ ባክቴሪያ ናቸው፣ የህዋሱ ክፍል አይደሉም። ያገለገለውን ስቲኪኒና ስላይድ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ንከረው።

ሐመልማል፦

ሌንስ_አርባ ሁሉንም ብሏል፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕል ላይ ግድግዳው እና ከሥሩ ያለው ሜምብሬን (የህዋሱ ስስ ሽፋን) ሁለት መስመር ሆነው ይሳላሉ። ስላይዱ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ግን ግድግዳው ብቻ ነው። ሜምብሬኑ ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ስለሆነ አይታይም፣ ያለበትን ቦታ ማሳየት ግን ይቻላል። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሽንኩርት ውሰድና አሁን የንብርብሩን የውጭ ጎን ልጣጭ ላጥ፤ ቀለሙ ያለው እዚያ ቫኩዩል በሚባለው ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት ውስጥ ነው። 5 ግራም ጨው በ100 ሚሊሊትር ውሃ አሟሟና በዚያው በመጣጭ ወረቀቱ ዘዴ አስገባ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባለ ቀለሙ ክፍል ከግድግዳው ተላቆ ወደ መሐል ይሰበሰባል። የተሰበሰበው ነገር ዳር ሜምብሬኑ ያለበት ነው፤ ቆሞ የቀረው ሳጥን ግድግዳው። በንጹህ ውሃ ብታጥበው ተመልሶ ይሞላል። ካልተመለሰ ጨውህ በዝቷል ወይም ብዙ አቆይተኸዋል፣ ህዋሱ ሞቷል።

ሌላ፣ ሽንኩርት ላይ በአዮዲን ጥቁር ሰማያዊ የስታርች ፍሬ አትጠብቅ። ምግቡን የሚያከማቸው በስኳርና ፍሩክታን በሚባል የስኳር ሰንሰለት መልክ ነው። ስታርቹን ድንች ላይ ፈልግ፣ በምላጭ ጫፍ ፋቅ አድርገህ።

መደብ_ለይ፦

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። የገለጽከው ዩግሊና ይመስላል። ለማረጋገጥ ግን ቀለሙን ተወውና ሦስት ነገር ተመልከት።

ቅርጹ ሲዋኝ ይለዋወጣል? አንዴ እንደ መርፌ ሲቀጥን፣ አንዴ እንደ እንቁላል ሲያብጥ ካየኸው የህዋስ ግድግዳ የለውም ማለት ነው። ግድግዳ ያለው ህዋስ እንዲህ አይለጠጥም። ዩግሊና ያለው ከሜምብሬኑ ሥር የተደረደረ የፕሮቲን ጥብጣብ ነው፣ ፔሊክል የሚባለው። ከዚያ አዮዲን አስገባ። ይሞትና ይቆማል፣ የሚዋኝበት ጅራፍም ጎልቶ ይወጣል። ጅራፉ ሁለት ከሆነ፣ ህዋሱ ክብ ቢጤ ሆኖ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ከሆነ፣ ውስጡም በአዮዲን ከጠቆረ ያየኸው ክላሚዶሞናስ ነው፤ እሱ ስታርች ያከማቻል። ዩግሊና የሚያከማቸው ፓራሚሎን ግን በአዮዲን አይቀለምም። ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ክር ረዝሞ በቀስታ የሚንሸራተት፣ ኑክለስ የማይታይበት ከሆነ ደግሞ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ አረንጓዴነቱ ከተክል ጋር አያዛምደውም፣ ባክቴሪያ ነው።

እንግዲህ ዩግሊና ተክል ነው ወይስ እንስሳ? ሁለቱንም አይደለም። ክሎሮፕላስቱ የራሱ አልነበረም፤ ቅድመ አያቱ አረንጓዴ አልጌ ውጦ ሳይፈጨው አስቀርቶታል። ማስረጃው ሽፋኑ ላይ ነው፦ የተክል ክሎሮፕላስት በሁለት ሜምብሬን ሲሸፈን የዩግሊናው በሦስት ነው። በዘረመል ሲታይ የቅርብ ዘመዱ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ነው፣ ምንም አረንጓዴ የሌለው ጥገኛ! መንቀሳቀስና ቀለም ለምደባ ክፉ መለያ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ስፖንጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚኖር እንስሳ ነው፤ የፈርን ወንዴ ህዋስ ይዋኛል፣ ፈርን ግን ተክል ነው።

ስለ 5 እና 3፤ እርስ በርስ የሚጣሉ ቁጥሮች አይደሉም፣ የተለያየ ዘመንና የተለያየ ደረጃ ናቸው። ሊኒየስ በ1735 ሕይወት ያለውን ለሁለት ከፈለ፣ ተክልና እንስሳ። ሄክል በ1866 ከሁለቱም ያልገጠሙትን ፕሮቲስታ ብሎ ለየ። ዊታከር በ1969 አምስት አደረገው፦ ሞኔራ (ኑክለስ የሌላቸው)፣ ፕሮቲስታ፣ ፈንገስ፣ ተክል፣ እንስሳ። ዎዝና ፎክስ በ1977 የራይቦዞም አርኤንኤን ሲያነጻጽሩ ሞኔራ የተባለው አንድ ቡድን ሳይሆን ሁለት በጣም የተራራቁ ቡድኖች እንደሆነ አገኙ። በ1990 ከስፍን በላይ ዶሜይን የሚል ደረጃ ተጨመረ፦ ባክቴሪያ፣ አርኬያ፣ ዩካርያ። ስለዚህ ዶሜይን፣ ስፍን፣ ክፍለስፍን፣ መደብ፣ ክፍለመደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ ብለህ ከላይ ወደ ታች ያዘው። ፈተናው አምስት ስፍን ካለ አምስቱን ጻፍ፤ ግን ፕሮቲስታ ቤተሰብ እንዳልሆነ እወቅ። የትም ያልገጠመ ሁሉ የተወረወረበት ከረጢት ነው።

ይሄ የስም ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፦ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያ ግድግዳ የሚሠራበትን ፔፕቲዶግላይካን ነው። አርኬያ እሱ የለውም። ማይኮፕላዝማ ባክቴሪያ ሆኖ ግድግዳ የለውም፣ ስለዚህ ፔኒሲሊን አይነካውም። የድንች ቅጠል የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራም እንደ ሻጋታ ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ ፈንገስ ይባል ነበር፤ ግድግዳው ግን በዋናነት እንደ ፈንገስ ከካይቲን ሳይሆን ከሴሉሎስና ከመሰሎቹ ነው፣ ሜምብሬኑ ላይም ኤርጎስትሮል የሚባለውን የፈንገስ ስብ አይሠራም። ኤርጎስትሮልን የሚያግድ የፈንገስ መድኃኒት እሱ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። እውነተኛው ፈንገስ ደግሞ ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል።

ጀማሪ_ባዮ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ዳያፍራሙ ሲጠብ የጉንጩ ወጣ! የቀረኝ ያ በአንዳንዱ የሽንኩርት ህዋስ ላይ ቢጫው ክብ ነገር፣ ማለትም ኑክለሱ፣ የሚጠፋው ነገር ነው። ኑክለስ የሌለው ህዋስ አለ ማለት ነው? ቫይረስስ የት ይገባል?

መደብ_ለይ፦

ቫይረስ ህዋስ ስላልሆነ ከሦስቱ ዶሜይን አንዱም ውስጥ አይገባም፤ የራሱ የተለየ ምደባ አለው። ኑክለስ የሌለው ህዋስ አለ፦ የአጥቢ እንስሳት ቀይ የደም ህዋስ ሲበስል ኑክለሱን ያስወጣል፣ የተክል ምግብ አስተላላፊ ቱቦ ህዋሶችም እንዲሁ ያጡታል። ስለዚህ “ኑክለስ የለውም፣ ስለዚህ ባክቴሪያ ነው” ብለህ አትፍረድ። የሽንኩርቱ ግን ሌላ ነው፣ ለሌንስ_አርባ ልተወው።

ሌንስ_አርባ፦

የሽንኩርቱ አለ፣ አንተ ሌላ ወለል ላይ እያየህ ነው። ባለ 40 ሌንስ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያሳየው ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ውፍረት ብቻ ነው፤ ህዋሱ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ጥልቀት አለው። ትልቁ ቫኩዩል ኑክለሱን ወደ ግድግዳ ይገፋዋል፦ አንዱ ላይ ጎን፣ አንዱ ላይ ጣሪያ፣ አንዱ ላይ ወለል። ጣሪያው ወይም ወለሉ ላይ ያለው መሐል የተቀመጠ ይመስላል፣ ጎን ያለው ጠፍጠፍ ብሎ ይታያል። ትንሹን ማስተካከያ በቀስታ ወዲያና ወዲህ አዙር፣ የጠፋው ይመጣል። ትልቁን ማስተካከያ በባለ 40 አትንካ፣ ሌንሱ ስላይዱን ይሰብራል።

እግረ መንገድህን ለካው። የዓይን ሌንሱ ላይ 18 የሚል ቁጥር ካለ በባለ 10 ሌንስ የምታየው ክብ ስፋት 1.8 ሚሊሜትር ነው፣ በባለ 40 ደግሞ 0.45። በባለ 10 ከዳር እስከ ዳር በርዝመታቸው 6 ህዋስ ከቆጠርክ የአንዱ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር፣ ማለትም 300 ማይክሮሜትር ነው። ሥዕልህ ሥር “400 እጥፍ” ብለህ ብቻ አትተው፤ ወረቀቱ ላይ 90 ሚሊሜትር አድርገህ የሳልከው ህዋስ በእውኑ 0.3 ከሆነ የሥዕሉ ማጉላት 300 እጥፍ ነው።