«ዴር» ያልኩት ለምን «ዴም» ሆነ? ታዋቂ ሰዎችን በጀርመንኛ ስለ ማስተዋወቅ

የጀጎል አስጎብኚ (ሐረር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሐረር አስጎብኚ ነኝ፤ ጀርመንኛ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሰው ስም አንሥቶ «ይህን ያደረገው፣ በዚህ የታወቀው» እያሉ ማስተዋወቅ የሥራዬ ዋና ክፍል ስለሆነ፣ ሬላቲቭዛትስ የሚባለውን ገላጭ ሐረግ የማልጠቀምበት ቀን የለም፤ የምሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከፈረስ መጋላ ተነሥተን፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪኖች በሚንጫጩበት በመኪና ግርግር ስንወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 «ሜንሸን ፊዩር ሜንሸን» የተባለውን የእርዳታ ድርጅት መሥርተው በኤረር ሸለቆ ሥራ ስለ ጀመሩት ተዋናይ ስለ ካርል ሃይንዝ ቦም ለአንዲት ጀርመናዊት እንግዳ እነግራት ነበር። ሰዎች እምነት የጣሉባቸው ተዋናይ ለማለት «ዴር ሻውሽፒለር፣ ዴር ዲ ሜንሸን ፈርትራውተን» ስል፣ እንግዳዋ ቆም ብላ በትሕትና «ዴም» ብላ አረመችኝ። ሻውሽፒለር ተባዕት ነው፤ መስተአምሩም (ከስሙ ፊት የሚቆመው ቃል) «ዴር» ነው፤ ታዲያ «ዴም» ከየት መጣ? ደግሞም በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም ወደሚጠራው ወደ ራምቦ ቤት ስንደርስ፣ ራምቦ የኖረበት ቤት ለማለት «ዳስ ሃውስ፣ ኢን ዴም ራምቦ ቮንተ» እላለሁ፤ ይህስ ትክክል ነው?

ጀርመንኛ አስተማሪ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የሚመጣው ተውላጠ ስም ጾታውንና ቁጥሩን የሚወስደው ከሚገልጸው ስም ነው፤ ባለቤት ይሁን ተሳቢ የሚወስንለት ግን በራሱ ሐረግ ውስጥ ያለው ግስ ነው። «ፈርትራውን» (ማመን) ዳቲቭ፣ ማለትም «ለእሱ» እንደ ማለት ያለውን የተሳቢ ዓይነት፣ የሚጠይቅ ግስ ስለሆነ «ዴም» ሆነ። በአማርኛ «እምነት የጣሉባቸው» ስንል «በ» ስላለበት፣ በጀርመንኛውም መስተዋድድ አይፈልጉለት።

ነገሩ ለእኛ የሚከብደው አማርኛችን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ሸፍኖ ስለሚያልፈው ይመስለኛል። «የረዳው ሰው» የሚለውን ልብ ይበሉ። እርዳታ የሰጠውም፣ እርዳታ የተቀበለውም ሊሆን ይችላል፤ የምንለየው ከዐውዱ ነው። ጀርመንኛ ግን እዚህ ላይ ማድበስበስን አይፈቅድም፤ የረዳው ራሱ ከሆነ «ዴር ማን፣ ዴር ሃልፍ»፣ ሌላ ሰው ረድቶት ከሆነ «ዴር ማን፣ ዴም ኤር ሃልፍ» ይላል።

ተማሪዎቼን የማለማምደው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት በመክፈል ነው። በሁለተኛው ውስጥ የሰውየውን ስም አውጥተው ተራውን ተውላጠ ስም ይተኩ፦ «ዲ ሜንሸን ፈርትራውተን ኢም።» «ኢም» (ለእሱ) ካሉ «ዴም»፣ «ኢን» (እሱን) ካሉ «ዴን»፣ «ኤር» (እሱ) ካሉ «ዴር» ነው፤ የመጨረሻው ድምፅ ራሱ ይመራዎታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2፡03፡59 የጨረሰውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን «ዴር ሎይፈር፣ ዴን ፊለ ዶይቸ ከነን» (ብዙ ጀርመናውያን የሚያውቁት ሯጭ) ብለው ያስተዋውቁት፤ «ከነን» አኩዛቲቭ፣ ማለትም ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ይፈልጋልና። በሴት ላይ ግን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስላገኘችው ደራርቱ ቱሉ «ዲ ሎይፈሪን፣ ዴር አለ ግራቱሊርተን» (ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ያሏት ሯጭ) ሲባል፣ ያ «ዴር» የወንድ ባለቤት ሳይሆን የሴት ዳቲቭ ነው። ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

የግእዝ ወዳጅ (ሐረር)፦
ባለንብረትነትን የሚያሳየው «ደሰን»ም እንዳይረሳ። እኔ የተማርኩት እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ በተጓዙት በአባ ጎርጎርዮስና ከእሳቸው በተማረው በኤርፉርቱ ተወላጅ በሂዮብ ሉዶልፍ ነው፦ «ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ደሰን ሌረር አባ ጎርጎርዮስ ቫር» (መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ የነበሩት ሂዮብ ሉዶልፍ)። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን ሲያነሡም «ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ደሰን አምሃሪሸ ግራማቲክ 1698 ኤርሺን» ይላሉ። ግራማቲክ (ሰዋስው) አንስታይ ቢሆንም የሴቷ «ዴረን» አይባልም፤ የሚታየው የባለንብረቱ ጾታ ነውና። ከ«ደሰን» ቀጥሎ ደግሞ መስተአምር ፈጽሞ አይገባም። እኔ ለብዙ ወራት «ደሰን ዲ ግራማቲክ» እያልኩ ስጽፍ ቆይቻለሁ።

ጀርመንኛ አስተማሪ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ስለ ራምቦ ቤት የጠየቁትን ዘልዬው ነበር፤ ይቅርታ። ሃውስ ግዑዝ ጾታ ስለሆነና «ውስጥ» የሚል ትርጉም ያለው መስተዋድዱ «ኢን» በዚህ ቦታ ዳቲቭ ስለሚወስድ «ኢን ዴም» በሰዋስው ትክክል ነው። የሚያጠያይቀው ታሪኩ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም የሆነው ሕንፃ ገጣሚው የኖረበት እንዳልሆነ በሰፊው ይነገራልና። ስለዚህ «ዳስ ሃውስ፣ ዳስ ዛይነን ናመን ትሬክት»፣ ማለትም ስሙን የተሸከመው ቤት ቢሉ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር መግባቱ ግን የታወቀ ስለሆነ «ዲ ሽታት፣ ኢን ዴር ራምቦ ሌብተ» (ራምቦ የኖረባት ከተማ) ብለው በሙሉ ልብ መናገር ይችላሉ።

የጀጎል አስጎብኚ (ሐረር)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ተቀምጬ በመክፈል ዘዴው ሠራሁት፦ «ካርል ሃይንዝ ቦም፣ ዴም ዲ ሜንሸን ኢን ኤረር ፈርትራውተን፣ ቫር ሻውሽፒለር።» ከዚያ እሳቸው ስለ ረዷቸው ሰዎች ልጽፍ ስል «ዲ ሜንሸን፣ ዲ ኤር ሃልፍ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ወዲያው «ኤር ሃልፍ ኢነን» የሚለው፣ የብዙ ቁጥሩ ዳቲቭ፣ ትዝ ሲለኝ ሰርዤ «ዴነን» አልኩት። ነገ ጠዋት ሁለት የሙኒክ እንግዶች አሉኝ፤ በኤረር በር በኩል ስናልፍ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።